የአባቷ ስም ሲጠራ

የባንኩ ወንበር ለስላሳ ነበር፤ እሷ ግን እሾህ ላይ የተቀመጠች ይመስል ጫፉን ይዛ ትቁነጠነጣለች። ለትምህርት ባሕር ተሻግራ ከመጣች ገና ጥቂት ሳምንቷ ነው። የዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ቤት የባንክ ሂሳብ ከፍታ ቁጥሩን ዛሬ ካላመጣች የመተዳደሪያ ገንዘቧ ወደሚቀጥለው ወር እንደሚተላለፍ ነግሯታል፤ አከራይዋ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

አጠገቧ ያለችው ያገሯ ልጅ ናት፤ በትምህርት ስለምትቀድማት ራሷን «ታላቅሽ» ብላ ሾማለች።

«ሲጠሩሽ ድምፅሽን አውጥተሽ መልሺ፤ እንደ ሙሽራ እንዳታቀረቅሪ።»

«እሺ።»

«ይኸው! እሺታሽን እኔም አልሰማሁት።»

ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ «ወይዘሪት» ብላ አንድ ስም ጠራች። ልጅቷ ወይዘሪቷን አልሰማችም፤ የሰማችው ስሙን ብቻ ነው። ሳታስበው ዞራ በሩን አየች። ስሙ የአባቷ ነዋ! አባቷ ደግሞ ባንክ ውስጥ ያለው ቦታ በር ላይ ነው፤ እሷ ነፍስ ሳታውቅ ጀምሮ አገር ቤት አንድ ባንክ በር ላይ ቆሞ ይፈትሻል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ደንበኛው ሁሉ «ጥበቃ» ይለዋል እንጂ በስሙ የጠራው የለም።

ሠራተኛዋ ደግማ ጠርታ ወደ ሌላ ሰው አለፈች።

«አንቺን እኮ ነው!» አለች ታላቅሽ በክርኗ ጎሰም አድርጋት።

«እኔን አይደለም፣ አባዬን ነው።»

«እዚህ አገር አባትሽ አንቺ ነሽ! ተነሺ፣ ተራሽ ሄደ!»

ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። ያ ስም ያለ መልስ መቅረቱ ግን ከነከናት። አባቷ ተጠርቶ ዝም ብሎ አያውቅም። ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች።

«አቤት!» ከአፏ ያመለጣት በራሷ ቋንቋ ነበር። ከዚያ በሰዎቹ ቋንቋ፣ «ቅድም የተጠራሁት እኔ ነኝ» አለች።

ሠራተኛዋ ፓስፖርቷን ገለጥ አደረገች። «የቤተሰብሽ ስም ነው?»

«የአባቴ ነው። እኛ አገር ሰው አባቱን አስከትሎ ነው የሚሄደው።»

ድምጿ ኋላ ወንበሮቹ ድረስ ተሰማ። ታላቅሽ አፏን በእጇ ያዘች። ሠራተኛዋም ፈገግ ብላ፣ «እንግዲያው ሁለታችሁም ተቀመጡ» አለች፣ ወንበሩን እያሳየቻት።

ቁጥሩን ገንዘብ ቤት አድርሳ እንደወጣች ደወለች።

«አባዬ፣ ዛሬ ባንክ ውስጥ ስምህን ጠሩት። ያውም ጮክ ብለው።»

«ምን አጥፍቼ?»

«ወይዘሪት ብለው።»

«እኔን? ከነጢሜ?» ሳቁ ጆሮዋን ሞላው። ቆይቶ ግን ድምፁ ዝግ አለ። «ታዲያ... ምን አልሽ?»

«አቤት አልኩልሃ።»



«ቆይማ የኔ እናት፣ ደንበኛ መጣ።» የበሩ ሲጢጥታ፣ ከዚያ ያ የምታውቀው ድምፅ፣ ዛሬ ግን ከወትሮው ከፍ ብሎ፦ «ይግቡ፣ ይግቡ! ልጄ በስሜ ሂሳብ ከፈተች እኮ!»