ድምፅ የሌለው ኦርጋን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ስልኳን አቀብላኝ «እማዬ፣ ለኮምፒውተሬ የቱን የሙዚቃ ኪቦርድ ልግዛ?» አለችኝ። ትንሹንና ርካሹን ለይታ ጨርሳለች፤ የምትፈልገው የእኔን እሺታ ነበር። ፎቶውን ሳየው የድሮው ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። አንድ የሙዚቃ ስቱዲዮ «ለአዲስ ዓመት የራስሽን ቅንብር ይዘሽ ከመጣሽ ሥራ አለሽ» ብሎኛል። ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት የተገዛ አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ፤ የጎደለኝ ኪቦርድ ነው። አባቴ ቀጨኔ የታወቀ ሸማኔ ነበር። ብዙ አሰበና ለእንቁጣጣሽ ሸማ ድር ሊገዛበት ያስቀመጠውን ገንዘብ ኪሱ ከቶ «ነይ እንሂድ» አለኝ። ዕቃው ካልሠራ በዓሉን ባዶ እጃችንን ልንውል ነው።

በጭቃው እየተንሸራተትን፣ የበቆሎ ጥብስ እየሸተተን አዲሱ ገበያ ወረድን። የሙዚቃ መሣሪያ ሱቁ ውስጥ ሁለት ኪቦርድ ነበር፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አባቴ ትልቁን ነካ ሲያደርገው ሱቁ በድምፅ ተሞላ፤ ፊቱ በራ።

«አባዬ፣ እሱ ከኮምፒውተር ጋር አይገናኝም። ለእኔ የሚሆነኝ ትንሹ ነው።»

ትንሹን ነካው። ምንም የለም። ደግሞ ነካው።

«ይሄ ኦርጋን ዱዳ ነው እንዴ?»

«ድምፁ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው» አልኩት። ስናገረው ለራሴም የአታላይ ወሬ መሰለኝ። ባለሱቁ የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው፤ ፕሮግራሙ ስለሌለው አንዲት ቀይ መብራት ብቻ በራች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ጠቆመና «አባባ፣ ኋላ እንዳንጣላ። ድምፁን ሰምተውታል አይደል?» አለ።

አባቴ ዕቃውን አላየም። እኔን አየኝና «ሰምቼዋለሁ» አለ።

ቤት ስንደርስ መብራት የለም። በማግስቱም አልመጣም። አባቴ እግሩን ከመሸመኛው ጉድጓድ ሰዶ፣ ድር የሌለው የሽመና ዕቃው ፊት ተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አምፖሉ ብልጭ አለ። ሮጬ ሰካሁት። ዶ ጮኸ። ሬ፣ ሚ። ደስ ሊለኝ ሲል ፋ እምቢ አለች። ጥፍሬ እስኪያመኝ ተጫንኳት፤ ዝም። ሌሎቹ ሁሉ ደህና ነበሩ።

«እንዴት ነው?» አለ አባቴ ከጉድጓዱ።

«ደህና ነው» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዋሽቼ አላውቅም።

ቅንብሬን በትዝታ ቅኝት ሠራሁት። የስቱዲዮው ሰዎች ናፍቆት የገባት ልጅ ብለው አደነቁኝ፤ እኔ ግን ቅኝቱን የመረጥኩት አምስት ድምፅ ብቻ ስለሚበቃውና ፋን ስለማይፈልጋት ነው። ሥራውን አገኘሁ። እንቁጣጣሽ ግን ያለ ሸማ አለፈ፤ አባቴ በዓሉን በአሮጌ ጋቢው ዋለ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዓመታት በኋላ፣ ዓይኑ ደክሞ ሽመናውን ካቆመ ወዲህ፣ ደጅ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ድንገት «ያቺ ዝም ያለችው ጥርስ ተሠራች?» አለኝ። የኪቦርዱን ቁልፎች ጥርስ ነበር የሚላቸው።

ደነገጥኩ። «አባዬ፣ እንዴት አወቅህ?»

«አንድ በአንድ ስትነኪያቸው እዚያው ነበርኩ እኮ። ድር ሲጎድል የማይታየኝ ሸማኔ ነኝ?» አለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ አላነሳውም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ።

«ትንሹን ግዢ» አልኳት ልጄን። «ግን ገንዘቡን ሳትከፍዪ ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ስሚያቸው።»

«አንቺስ የመጀመሪያሽን ሰምተሽ ነው የገዛሽው?»

«አይደለም» አልኳት። «አያትሽ ነው የሰማልኝ።»