የሺን በስልክ እንግሊዝኛ ሳስተምር

ከአገሬ ከሮብ ገበያ ለስደት የወጣሁት ገና ጎህ ሲቀድ ነው፤ የጮቄ ተራራ ብርድ አጥንት ይሰብራል። አባቴ መኪናው ድረስ ሸኝተውኝ ስለቆሙ፣ ሚስቴ የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች "በሰላም ይግቡ" ስትለኝ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኛ አገር ጨዋ ሴት በትልቅ ሰው ፊት እንዲህ ነው የምትናገረው። እኔንም በዕድሜ ስለምበልጣት ከተጋባን ጀምሮ አንቱ እንዳለችኝ ናት።

እንዴት እንደተሻገርሁ አልዘረዝርም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። እንግሊዝ አገር ገባሁ፣ ወረቀት አገኘሁ፣ ሚስቴን ላምጣ ብዬ ባመለክት "መጀመሪያ አዲስ አበባ ሄዳ የእንግሊዝኛ ንግግር ትፈተን" አሉኝ። አቤት ንዴቴ! ከሚስቴ ጋር የማወራው በአማርኛ፤ እነሱን ምን አገባቸው?

ምን ላድርግ፣ በስልክ ማስተማር ጀመርሁ። "ዋተር ማለት ውኃ ነው" አልኋት፤ ያዘች። በሳምንቱ እኔው የምማርበት ክፍል መምህሯ "ዋተር ዘ ፍላወርስ" አትልም? ማጠጣትም ዋተር ሆኖ አረፈው! ሃንድ እጅ ነው ብዬ ሳበቃ፣ ማቀበልም ሃንድ። ቡክ መጽሐፍ ነው፤ ቀጠሮ ማስያዝም ቡክ። እኔ ቅኔ ቤት የተቀመጥሁ ሰው ነኝ፤ ስም ግስ ልሁን ቢል መልኩን ለውጦ ነው እንጂ እንዲሁ ከነልብሱ ዘው አይልም።

"ታዲያ በምን ልለየው?" አለችኝ የሺ።

"በቆመበት ቦታ። ከፊቱና ከኋላው ያለውን አይተሽ።"

"ምስኪን! አንዱን ቃል ለስንት ሥራ ነው የቀጠሩት?"

ጠዋት ሳህን አጣቢ፣ ማታ ዘበኛ መሆኔን አልነገርኋትም ነበርና ቶሎ ወደ ትምህርቱ መለስኋት።

እሷ ግን ያዘችው። ላሟን ወንዝ አውርዳ "አይ ዋተር ዘ ካው" ስትለኝ እንደ ልጅ ዘለልሁ።

አዲስ አበባ ሄዳ ተፈተነች፤ ወደቀች። እሳት ጎርሼ ወደ ፈታኞቹ ቢሮ ደወልሁ።

"የተቀዳው ላይ ድምፅ አይሰማም" አለኝ ሠራተኛው።

"ዝም አለች?"

"ኧረ ተናግረዋል፤ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ወለሉን እያዩ። ፈታኙ ጮክ ይበሉ ሲላቸው ይባስ ብለው ዝቅ አሉ።"

"ፈታኙ ሽማግሌ ነው?"

"ሽበታም ነው።"

"ታዲያ! ልትጮህበት ኖሯል?"

"ጌታዬ፣ አክብሮት ነጥብ የለውም። እንደገና ይመዝገቡ።"

ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። ቃሉን ከነጓዙ የያዘችን ሴት በጨዋነቷ ጣሏት!

ያኔውኑ ወደ የሺ ደወልሁ። "እንግዲህ ነጠላሽን አውርደሽ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሽ፣ እንደ ባለጌ ጩሂ" አልኋት። ይህን ከአፌ ማውጣቴ ራሱ አበገነኝ።

"እኔ? በሽማግሌ ላይ?"

"በእኔ ተለማመጂ። የፈለግሽውን ጠይቂኝ፤ ብቻ ጮክ በይ።"

 ከዚያ ጎረቤት እስኪወጣ ጮኸች፤ በእንግሊዝኛ አልነበረም፣ አንቱታውንም ጥላዋለች።

"መቼ ነው የምትመጣው? አንተ ራስህ፣ መቼ ነው የምትመጣው?"