ያላገኘ ሰው ይደውልልኝ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ነው። ከጭንቅላቴ ያልወጣው በአንድ ሳምንት ውስጥ የራሴን እንጀራም የሰው ትዳርም ላፈርስ የነበረው በራሴ ብልጠት ስለሆነ ነው። አብራኝ ለምትኖረው እህቴ ደጋግሜ አውርቼላታለሁ፤ እሷ እየሳቀች «ጻፊው» ስላለችኝ ይኸው ጻፍኩት።

የምሠራው ጀሞ፣ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። ሱቁ ምድር ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ፎቅ ላይ፣ ባዶ ካርቶን የሚከመርበት ክፍል ውስጥ ጥግ ይዤ የሱቁን ዌብሳይት አስተዳድራለሁ። ፎቶ እጭናለሁ፣ ዋጋ አስተካክላለሁ፣ ትዕዛዝ እቀበላለሁ። ጀሞ ደግሞ መቼም ሰው አዲስ ቤት የማይገባበት ቀን የለም። አንዱ አልጋ፣ አንዱ መጋረጃ፣ አንዱ ቁም ሳጥን ይፈልጋል። ሱቅ ለሱቅ ከሚዞር፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ በስልኩ ቢያዝ ደስ ይለዋል ብለን ነበር የጀመርነው።

የሱቁ ጌታ ጋሽ ከድር ይባላሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የነገዱ፣ ደንበኛ በር ላይ ሲቆም ምን ሊገዛ እንደመጣ ከአቋቋሙ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ሶፊያ ታች ባንኮኒው ላይ ይቀመጣሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ሠራተኛው ሁሉ ግን የሚፈራው እሳቸውን ነው።

ችግራችን ዌብሳይቱን የሚያይ ሰው ሞልቶ የሚገዛ መጥፋቱ ነበር። ሰው ይገባል፣ ይዞራል፣ ይወጣል። ጋሽ ከድር ይሄን ስነግራቸው አያምኑም። ጠዋት ጠዋት ስልካቸውን አውጥተው የራሳቸውን ሱቅ ስም ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉና፣ መጀመሪያ ላይ ሲመጣላቸው «ይኸው፣ አንደኛ ነን» እያሉ ያሳዩኛል። ስማችንን የሚጽፍ ሰው ድሮም የሚያውቀን ነው፣ እኛ የምንፈልገው «ርካሽ ፍራሽ ጀሞ» ብሎ የሚጽፈውን ነው እላቸዋለሁ። እሳቸው ግን አንደኛነታቸውን አይተው ረክተው ይወርዳሉ።

የባሰው ደግሞ ዌብሳይቱ ውስጥ ያለው የመፈለጊያ ሳጥን ነበር። ዕቃዎቹን መጀመሪያ የመዘገበው ሰው ለፊደል የሚጠነቀቅ ስለነበር «የሕፃን አልጋ» ብሎ በሐመሩ ሐ እና በፀሐዩ ፀ አስገብቶታል። ሰው ግን እንደመጣለት ነው የሚጽፈው። «ህጻን» ብለህ ከጻፍክ ሳጥኑ የለም ይልሃል። «ቁምሳጥን» ብለህ ካያያዝከው የለም። በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ከጻፍክማ ጭራሽ አያውቅህም። ታች ግን አልጋው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

እኔ ምን መቅደም እንዳለበት አስቤ ጨርሼ ነበር። መጀመሪያ ሳጥኑ ሰው እንደሚጽፈው አድርጎ እንዲረዳ ማድረግ። ቀጥሎ ዕቃው ሲጠፋ የሚመጣው ገጽ ሰውን ባዶ እጁን እንዳይሸኝ። ከዚያ ፎቶዎቹን ማቅለል፤ እኔ የምኖርበት ፉሪ ኔትወርኩ ሲደክም አንድ ሶፋ እስኪታይ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። ጌጣጌጡ መጨረሻ ይድረስ አልኩ።

ጋሽ ከድር ደግሞ የራሳቸው ቅደም ተከተል ነበራቸው። መጀመሪያ፣ እሳቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው እጃቸውን ዘርግተው «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚሉበት ቪዲዮ። ከዚያ የሱቁ ስም ወርቃማ ይሁን። ጊዜ ከተረፈ ያንቺ ሳጥን ይታያል አሉኝ።

ተከራከርኩ። ሰው ዕቃውን አጥቶ እየሄደ ነው አልኳቸው። ትዕግሥታቸው አለቀና፣

«አጥቶ ቢሄድ እኔ አልሰማም ነበር? ያላገኘ ሰው ካለ ይደውልልኝ» አሉ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እሺ ያልኩት ደግሞ ከልቤ ነው።

ወደ ካርቶኖቼ ወጣሁና፣ «የፈለጉት ዕቃ አልተገኘም» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ። «ባለቤቱ ጋሽ ከድር ራሳቸው ያገኙልዎታል፤ አሁኑኑ ይደውሉላቸው» የሚል። ሲነኩት በቀጥታ ይደውላል። የሚደውለው ግን ሱቁ ስልክ ላይ አይደለም፣ ኪሳቸው ውስጥ ባለው የእጅ ስልካቸው ላይ ነው። ከዚያ ሻዬን ተረጋግቼ ጠጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ ሆነው የመጀመሪያውን ስልክ ሲያነሱ ሰማኋቸው። አልጋ አለ ወይ ተብለው ኖሮ «አለ እንጂ» ይላሉ። ከወዲያ የለም ይላል እኮ ሲባሉ «ማነው የለም የሚለው?» ይላሉ። «የእርስዎ ዌብሳይት» ሲባሉ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አዩት። እኔ አንገቴን ካርቶን ውስጥ ቀብሬ ከንፈሬን ነክሻለሁ።

እስከ ምሳ ሰዓት ፊታቸው ተለዋወጠ። መኪና ወደኋላ ሲያወጡ ይደወላል። ፀጉር ቤት ግማሽ ፊታቸው በሳሙና አረፋ ተለቅልቆ እያለ ከሀና ማርያም ምንጣፍ የምትፈልግ ሴት ደውላ፣ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ ወሬው እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቃቸው። በመጨረሻ ፎቅ ወጥተው ቁጥሬን ማን በተነው ብለው ጠየቁኝ።

«ያላገኘ ሰው ይደውልልኝ ብለው ነበር እኮ ጋሼ።»

ቁጣውን ስጠብቅ ስልኩ እጃቸው ላይ ጠራ። አነሱት። ቁም ሳጥን ፈላጊ ነበር። ስለ ክፍሉ ስፋት፣ ስለ ልጆቹ ብዛት፣ ስለ አገሩ ጠየቁት። ሲጨርሱ ሰውየው ቁም ሳጥኑን ከመጋረጃና ከትራስ ጋር ገዝቷል። ጋሽ ከድር ስልኩን ዘግተው ደስ ብሏቸው እያፏጩ ወረዱ።

ያኔ ነው የኔ ብልጠት ወደ እኔ የዞረው። ጋሽ ከድር ነገሩን ወደዱት። ስልኩ ሲጠራ ዓይናቸው ይበራል። ከጥቂት ቀን በኋላ መጥተው «ይሄ ሳጥንሽ ምን ያደርጋል? አውጪው፣ ሁሉም ይደውልልኝ» አሉ። በማግስቱ ደግሞ ዌብሳይቱ ብዙ ገጽ ምን ያደርግለታል፣ የሳቸው ቪዲዮና ስልክ ያለበት አንድ ገጽ ይበቃዋል የሚል ሐሳብ ይዘው መጡ። አንድ ገጽ ላይ አንድ ቪዲዮ ለማስቀመጥ ደግሞ ወር ሙሉ ደመወዝ የሚከፈላት ሠራተኛ አያስፈልግም። ይሄን እሳቸው ገና አላሰቡትም፤ እኔ ግን አስቤዋለሁ። ማንንም እንዳላማክር ጉድጓዱን የቆፈርኩት ራሴ ነኝ።

እንዲህ እየሰጋሁ ዓርብ ደረሰ። ጋሽ ከድር ለጁምዓ ሊሄዱ ስልካቸውን ባንኮኒው ላይ ቻርጅ ሰክተው፣ የሶላት ትጥበት፣ ዉዱእ ሊያደርጉ ወደ ጓሮ ዞሩ። ስልኩ ጠራ። እትዬ ሶፊያ አነሱት። እኔ የሚላክ ዕቃ ላስጭን ወርጄ እዚያው ቆሜያለሁ። የሴት ድምፅ እንደሆነ ይሰማኛል፣ የምትለውን ግን አልሰማም። እትዬ ሶፊያ ቤትሽ የት ነው ብለው ጠየቁ፣ ጥቂት አዳመጡ፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

ጋሽ ከድር እጅና እግራቸው እንደረጠበ፣ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ ተመለሱ።

«የነስሩ አባት» አሉ እትዬ ሶፊያ፣ ባላቸውን በልጃቸው ስም እየጠሩ፣ በዚያው በዝግታ ድምፃቸው፤ «ፉሪ ያለችው መውለጃዋ ደርሷል ብላለች።»

ልባቸው ወደ ሶላቱ የሮጠው ጋሽ ከድር ቀና ሳይሉ «አዎ፣ ዛሬ ልሄድላት ነው። ምስኪን፣ ከኔ በቀር ማን አላት» አሉ።

ትራስ እየጨመቀች ስትመርጥ የነበረች ደንበኛ ትራሱን ቀስ ብላ ቦታው መለሰችው።

«እኔ እኮ የነስሩ አባት ብቻ መስለኸኝ ነበር» አሉ እትዬ ሶፊያ።

ጋሽ ከድር ያኔ ገባቸው። አፋቸውን ከፍተው ከሚስታቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሚስታቸው አዩ። ከዚያ «ንገሪያት እንጂ ልጄ» አሉኝ።

«እሷም ታውቃለች?» አሉ እትዬ ሶፊያ ወደ እኔ ዞረው።

በዚያች ደቂቃ ከሥራ መባረሩን ረስቼው ነበር፤ ወሬው ከፉሪ እስከ ሀና ማርያም ሲዞር ነው የታየኝ። «የሕፃን አልጋ ያጣች ደንበኛ ናት እትዬ» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ዌብሳይቱን ከፍቼ እሳቸው እያዩ «ህጻን አልጋ» ብዬ ጻፍኩ። አልተገኘም አለ። ከሥሩ የባላቸው ስም ከነግብዣው መጣ። እትዬ ሶፊያ በጣታቸው ነኩት። ባንኮኒው ላይ ያለው የጋሽ ከድር ስልክ ጠራ።

ከዚያ ስልኬን ከእጄ ወስደው፣ ለልጆቻቸው መልእክት እንደሚጽፉት በእንግሊዝኛ ፊደል «አልጋ» ብለው ጻፉ። የለም። «ቁምሳጥን» ብለው አያይዘው ጻፉ። የለም። ይሄን ሲያነቡ ቁም ሳጥን ተደግፈው ነው የቆሙት።

«ስንት ሰው ነው እንዲህ የተመለሰው?» አሉ።

ጋሽ ከድር ሶላት እያለፈብኝ ነው አሉ። «ሂድ» አሏቸው፤ ጫማቸውን በትክክል ሳያጠልቁ ወጡ።

እትዬ ሶፊያ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው እኔንም አስቀመጡኝና ምን ይቅደም እንደምል ጠየቁኝ። ከሳጥኑ ጀምሬ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሰው እንደዚያ አዳምጦኝ አያውቅም። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ቪዲዮው ስንተኛ ነው?»

«መጨረሻ ነው እትዬ።»

«ከመጨረሻም ትንሽ ወረድ አድርጊው።»

ከሰዓት በኋላ የሕፃኑን አልጋ ፒክአፕ ላይ አስጭነን ሦስታችንም ፉሪ ሄድን። እትዬ ሶፊያ «እንኳን ለዚህ አደረሰሽ ልበላት» ብለው ነው የመጡት፤ እኔ ግን ቤቱን በዓይናቸው ሊያዩ እንደሆነ አውቄያለሁ። በሩን የከፈተችው ልጅ ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ ነው የወጣው። ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል፤ የሠርጋቸው ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እትዬ ሶፊያ ፎቶውን ቀረብ ብለው በደንብ አዩት። ሙሽራው ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጋሽ ከድር አጭርና ወፍራም ናቸው። ያኔ ትከሻቸው ረገብ አለ።

ጋሽ ከድር መሬት ላይ ተቀምጠው ብሎን እያጠበቁ ላባቸው ይንጠባጠባል። ልጅቷ ደግሞ እትዬ ሶፊያን «ባለቤትዎ በስልክ እንዴት እንደሚያበረታቱኝ ቢያውቁ፣ እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም» አለቻቸው።

«ለኛም እንደዚያው ናቸው» አሉ እትዬ ሶፊያ፣ ዓይናቸውን ከባላቸው ሳያነሱ። ብሎኑ ከጋሽ ከድር እጅ ወደቀ። አልጋውን በስጦታ የሰጧት እትዬ ሶፊያ ናቸው፤ ጋሽ ከድር በዚያ ቀን ስለ ዋጋ አፋቸውን ለመክፈት የሚደፍሩ አልነበሩም።

ከሰኞ ጀምሮ ሳጥኑን ለማስተካከል ተቀመጥኩ። ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ሆኑ። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ታረቁ። የተያያዘውም የተለያየውም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውም ገባው። ዕቃው በእርግጥ ከሌለ ደግሞ የሚቀርበውን አውጥቶ ያሳያል። የሚገባው ሰው ብዛት እንደድሮው ነው፤ አሁን ግን ገዝቶ ይወጣል። ክፍሌ ውስጥ ካርቶን መከመሩ ቀርቶ ለማሸጊያ የሚሆን መፈለግ ጀመርን። እኔም እዚያው ሥራዬ ላይ አለሁ።

የጋሽ ከድር ስልክ ግን ዝም አለ። ስልኩን በእጃቸው ይዘው ሱቁ ውስጥ ሲንጎራደዱ አየኋቸው። አንድ ቀን ፎቅ ወጡ። መስኮት ከፈቱ፣ ዘጉ። ከዚያ ታች እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ ያንን ሳጥን ሐሙስ ሐሙስ እንኳን ትንሽ ብታበላሺው?» አሉኝ።

እትዬ ሶፊያን ልጠይቅልዎት አልኳቸው። ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተው ወረዱ።

አልጠየቅኩላቸውም። ግን አንጀቴን በሉት። ጣቱ ስቶ «መጋረጃ» በማለት ፈንታ «መገረጃ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ካለ፣ ሳጥኑ እሱን ብቻ «አልተገኘም» ብሎ ወደ ጋሽ ከድር ስልክ እንዲልከው አድርጌ ተውኩት። አልፎ አልፎ እንዲህ የሚጽፍ ይገኛል። ያኔ ከታች የጋሽ ከድር ድምፅ ወደ እኔ ይወጣል፤ ሰውየውን ስለ መስኮቱ ስፋት፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አገሩ ይጠይቁታል። እኔ ደግሞ ሥራዬን ትቼ አዳምጣለሁ። ዌብሳይቱ ላይ ከሠራሁት ሁሉ ደስ የሚለኝ ይህ ሆን ብዬ ሳላስተካክል የተውኩት ነው።