ያልተላመደው ሞተር

የያዙኝ በአንድ መንገድ ላይ ስለተመላለስኩ ነው።

ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወደ ዶካ በሚወስደው አስፋልት ላይ የታደሰ ሞተር ሳይክል እያላመድኩ ነበር። ሞተሩን አውርጄ፣ አዲስ ፒስተንና አዲስ ቀለበት ያስገባሁለት እኔው ነኝ። አዲስ ቀለበት ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተፋትጎ ቦታውን የሚይዘው በመጀመሪያው ጉዞው ነው፤ ሮዳጅ እንለዋለን። ትንሽ ታፈጥነዋለህ፣ ትለቀዋለህ፣ ደግሞ ታፈጥነዋለህ። ዝም ብሎ ቆሞ እንዲሠራ አይተውም። ያ ጊዜ ካመለጠ ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልስና ሞተሩ ዘይት ሲጠጣ ይኖራል።

ኬላው ላይ የነበሩት ወታደሮች ያዩት ግን ሌላ ነው። ፈጥኖ የሚመጣ፣ አጠገባቸው ሲደርስ የሚያዘግም፣ ዞሮ የሚመለስ ሐበሻ። ጦርነቱ ወደኛ እየተጠጋ ስለነበር ሰው ሁሉ ይፈራ ነበር።

«ጃሱስ» አለ አንዱ። ሰላይ ማለቱ ነው።

ስለ ቀለበቱ አስረዳሁ። ተያይተው ሳቁ።

ያሰሩኝ ድሮ የሰሊጥ መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይግላል። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ያለች ጠባብ ቀዳዳ ናት፤ ሰማይ እንጂ ግቢ አታሳይም። ውስጥ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፤ ከመተማ በኩል ለአጨዳ መጥተው ወረቀት የለህም ተብለው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የታሰሩ። ተጠግተው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ምን አደረግህ ልጄ?»

«ሞተር ሳላምድ፣ አያ።»

«እኔ ደግሞ ሰሊጥ ሳጭድ» አሉ።

የመረመረኝ መኮንን ስለ መንገዱ ብዙም አልጠየቀኝም። የምኖርበት የስደተኞች መጠለያ ሰዎች ወደ ድንበር አንዛወርም ብለው በተሰበሰቡ ጊዜ እኔም መናገሬን ያውቃል። «አንደበት አለህ አሉ» አለኝ። ወደ ክፍሉ መለሱኝ።

በማግስቱ ሞተሩ ግቢ ውስጥ ሲነሳ ሰማሁ። በሠራሁት ድምፅ አልሳሳትም። ወደ መንገድ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልወጣም። በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙሩ፣ ቆሞ ቀረ። መብራት ከጠፋ ሰንብቶ ነበርና ዘበኞቹ ከባትሪው ሽቦ ስበው ስልካቸውን ይሞሉበታል። ረፋዱን ሙሉ፣ ቀትሩን ሙሉ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ነፋስ ሳያገኝ ቆሞ ነደደ።

በሩን ደበደብኩ። አንድ ዘበኛ መጣ።

«እባክህ አጥፉት። ካልሆነም ንዱት፣ ቆሞ አይሥራ። ቀለበቱ አልያዘም።»

«ያንተ ነው?»

«የአዋላጇ ነው።»

«እንግዲያው ምን ቸገረህ!» ብሎ ሄደ።

አዋላጇ የመጠለያችን ሴት ናት። ክረምት ሲገባ ያ ጥቁር አፈር መኪና አላሳልፍ ሲል፣ ምጥ የጠናባትን ከኋላዋ አፈናጣ ሐኪም ቤት የምታደርሰው በዚያ ሞተር ነው። «ዝናቡ ሳይጥል አድርስልኝ፣ ወንድሜ» ብላ ነበር የሰጠችኝ።

ሽማግሌው እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። «ጆሮህን ድፈን» አሉኝ። ደፈንኩ። በግድግዳው በኩል በጀርባዬ ይሰማኛል።

ቀኖቹ በዚያው ሄዱ። እየዋለ እያደረ ድምፁ ሻከረ፤ በቀዳዳዋ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ይገባ ጀመር። ሽማግሌው ሲያስላቸው ሞተሩ አሁን ጭስ እንደጀመረ አወቅሁ።

አንድ ከሰዓት ያው ዘበኛ ወደ ግቢው አወጣኝ። ሞተሩ በሰማያዊ ጭስ ተከቦ ይንተፋተፋል። ዘበኛው ፈርቷል፤ መኮንኑ ሞተሩን ለራሱ ፈልጎት ኖሯል።

«ሲመጣም ብልሽት ነበረበት በለው» አለኝ ቀስ ብሎ። «መካኒኩ ራሱ ካመነ ነገሩ ያልቃል። አንተም ወደ ቤትህ ትሄዳለህ፣ ወላሂ።»

መኮንኑ ሲመጣ ቁልፉን አዙሬ አጠፋሁት። ግቢው ጸጥ አለ።

«ስትመጣበት እንዲህ ነበር?» አለኝ።

ቤቴን አሰብኩ። ልጄን አሰብኩ። ዘበኛው ዓይኔን ያያል።

«ስመጣ ደህና ነበር» አልኩት።

ለዘበኛው የደረሰውን አላየሁም፤ እኔን ወዲያው መለሱኝ። ሽማግሌው ምን እንዳልኩ ሲሰሙ ራሳቸውን ይዘው «እህ» አሉ። እሳቸው ከእኔ በፊት ተፈቱ። እኔ የወጣሁት ክረምቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው፤ ለምን እንደፈቱኝም የነገረኝ የለም። ሞተሩን አልሰጡኝም። ጭቃውን በእግሬ አቋረጥኩ።

አዋላጇ አልተቆጣችኝም። እኔ ታስሬ ሳለ ምጥ የያዛት አንዲት ሴት በአንገረብ፣ በጠፍር አልጋ፣ ተሸክመው ሲወስዷት ሕፃኑ መንገድ ላይ መሞቱን ነገረችኝ። ከዚያ የዘበኛውን ነገር አወራኋት።

«ለዚያች አንዲት ቃል ነው ክረምቱን የታሰርከው?» አለችኝ። «እኔ ብሆን እላቸው ነበር። ውሸቱ ማንን ይጎዳል?»

አሁንም አንዳንድ ቀን ልክ ነበረች እላለሁ። ቃሌ ሞተሩን አላዳነም፣ ሕፃኑንም አልመለሰም፤ ልጄንም ክረምቱን ያለ አባት አስቀርቷል። ግን በዚያ ግቢ ስሜንም፣ መንገዴንም፣ ቀኔንም ሌሎች ይዘውብኝ ነበር። የእኔ የምለው የቀረኝ አንድ ነገር ቢኖር በደንብ የሠራሁት ሥራ ነበር፤ እሱን በገዛ አፌ አሳልፌ መስጠት አቃተኝ።