ሰፊ አገር አላት ተባልሁ

የእናታችን ግቢ መከፈሉን የሰማሁት የውኃ ቦቴ እስኪመጣ ጄሪካኔን ተራ አስይዤ በቆምሁበት ነው። የደወለችው ታናሽ እህቴ ናት። ወረታ መውጫ ላይ፣ በደብረ ታቦር መንገድ ዳር፣ ተወልደን ባደግንበት ግቢ ዛሬም ከእናታችን ጋር ትኖራለች። እኛ ባለቤቴ በመንገድ ጥገና ሥራ ተመድቦ አፋር በረሃ ከገባን ቆይተናል፤ ልጆቻችንም እዚሁ አድገዋል።

"እታለም፣ ዕጣ ወጣ" አለችኝ። "የመንገዱ በኩል ለኔ፣ የጓሮው ለወንድማችን።"

"የኔስ?"

ከጀርባዋ የሩዝ መፈልፈያው ይጮኻል፣ ባጃጅ ጥሩንባ ይነፋል፣ አንዲት ሴት እየሳቀች "ነይ እንጅ፣ ምን ይገትርሻል!" ትላታለች።

"አንች እኮ ሰፊ አገር አለሽ ተባለ" አለች በመጨረሻ።

ቃሉ የራሴው ነው። አንድ ፋሲካ ለጥየቃ ሄጄ፣ በሰው ብዛት መተላለፊያ ሲጠፋ ጊዜ፣ "እኛ ዘንድ ዓይን እስኪደክም ቢያዩ ጎጆ የለም፤ መሬቱ ባለቤት አጥቶ ተኝቷል" ብዬ ተኩራርቼ ነበር። አፌን በቆረጠው!

በእኛ ዘንድ ቦታ ሲከፈል ሁሉም የየራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር። የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ተጠርቶ በየድርሻው ላይ ያኖረዋል። ሩቅ ላለ ሰው ደግሞ ከተሰበሰቡት አንዱ "ይች የእሷ ናት" ብሎ ምልክት ይይዝለታል። ለኔ የያዘልኝ አልነበረም።

እኔ በዚያ ግቢ ጥግ አንዲት ክፍል ሠርቼ፣ የቅዳሴ ድምፅ እየሰማሁ ላረጅ ነበር ሐሳቤ። ሌላ ያሰብሁት ማረፊያ የለኝም። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም መኪና መለመን አለብኝ።

እህቴ ስታስነጥስ በአጥሩ ማዶ "ይማርሽ" የሚላት አለ። እኔ ሳስነጥስ ፍየሎች ቀና ይላሉ። እሷ ትኩሳት ቢይዛት ጠያቂው መቀመጫ ያጣል፤ እኔን ያመመኝ ጊዜ ባለቤቴ ብቻ ነበር፣ እሱንም እንቅልፍ ወሰደው። ሰው የሰውን ብዛት ይመቀኛል? እኔ ግን ተመቀኘሁ።

ልጅ ሳለን በግቢያችን ዙሪያ ያለው ሜዳ እንዲህ በሰው የተሞላ አልነበረም። ክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ ውኃው ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ከብቶቻችን እስከ ሆዳቸው ገብተው ይግጣሉ። ውኃ የሚተኛበትን መሬት ውሰዱ ቢባል ማንም አይወስድም ነበር። ኋላ ሩዝ መጣ፤ የተናቀው ረግረግ ተወደደ። ሩዙ ወፍጮውን፣ ወፍጮው ነጋዴውን፣ ነጋዴው ቤት አከራዩን ጠራ። ለአጨዳ ከደጋው የመጣ ጎልማሳ አግብቶ ቀረ። ከአንበሳሜም ከይፋግም የሚመጣው ሁሉ መንገዱ ዳር አንድ በር ፈለገ። የአባት ማሳ ለልጆች ተከፈለ፣ የልጆቹም እንደገና። ግጦሹ ሲጠብ ከብቱ አነሰ፣ ሰው በረከተ። ሰው ያለበት ደግሞ ሰው ይጠራል፤ ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም ወደዚያው ነው የሚሄደው።

ይህን ሁሉ ለአፋሯ ጎረቤቴ ነገርኋት። ጎረቤቴ ማለቴ፣ ቤቷ ከቤቴ ሲታይ የጥፍር ያህል ነው።

"ታዲያ ግመሉን የት ያሰማራሉ?" አለችኝ።

"ግመል የለንም።"

"እሱማ መኖሪያ ብታጡለት ነዋ!" ብላ ሳቀች። ቆይታ ግን፣ "ውኃው ነው እህቴ። እኛም ውኃ ብናገኝ እንዲያ ተፋፍገን እንጣላ ነበር። እዚህ ጉድጓዱ የሚያጠጣውን ያህል ብቻ ነው የምንሆነው" አለች።

እውነቷን ነው። የበረሃው ስፋት ሀብት መስሎ የሚታየው ከሩቅ ነው፤ ውኃ የሌለው ሰፊ አገር ሰው አያኖርም። ግቢያችን ለሦስት ቢከፈል ለማንም አልጋ እንደማያስዘረጋም አውቃለሁ። ማወቄ ግን ቅናቴን አላበረደልኝም። ለንስሐ አባቴ በስልክ ብነግራቸው፣ "ልጄ፣ ስግደት ጨምሪ" አሉኝ። ጨመርሁ። ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ የማየው ግን የእህቴን አዲስ ግድግዳ ነው፤ ጭቃው ሲመረግ፣ ጎረቤቱ ለደቦ ሲሰበሰብ፣ እሷ መሐል ቆማ "ወንበር አቀብሉ" ስትል። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ቀን ጭቃው ሳይደርቅ ዝናብ ቢመጣበት ብዬ ተመኘሁ። ወዲያው አማተብሁ።

እናቴን ደውዬ ልጠይቃቸው እፈልግና እተወዋለሁ። "ሲከፈል እኔም ዝም ብየ ተቀመጥሁ" ቢሉኝ ምን እሆናለሁ?

ስለዚህ ዕጣው ሲወጣ በደጃችን የተቀመጣችሁ ሽማግሎች፣ ጎረቤቶች፣ እናንተን እለምናለሁ። "ሰፊ አገር አላት" ያለው ማን እንደሆነ አትንገሩኝ፤ ቂም ይሆንብኛል። ከመካከላችሁ "እሷስ?" ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ ግን፣ ባይሰሙትም እንኳ፣ እባካችሁ እሱን ንገሩኝ።