ቡናው ሳይለቀም

ኅዳር ገብቶ እንኳ ሰማዩ አልጠራም ነበር። በዚያ ቅዳሜ ነቀምቴ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ዋለ፤ የባኬ ጃማ ሰፈር መንገድ ጭቃ ሆነ። ቅቤ ነጋዴዋ ወርቂቱ ግን ነጠላዋን ተከናንባ ከሰርግ ቤቱ በር ላይ አልነቃነቅ አለች። የምትጠብቀው ሙሽራውን ሳይሆን የሙሽራውን አጎት ኦቦ ጨመዳን ነበር።

ጨመዳ አራጣ አበዳሪ ነው። የወርቂቱ ጎረቤት የሎሚ ባል ጉሉማ የታመመ ጊዜ ከእሱ ተበድረው የቡና መሬታቸውን በወለድ አገድ ሰጡት። ዋናው ገንዘብ እስኪመለስ ቡናውን የሚለቅመው አበዳሪው ነው፤ ዕዳው ግን ቅንጣት አይጎድልም። ጨመዳ ሦስት ዓመት ለቀመ። ባለመሬቶቹ የቡና ገለባ ከገበያ እየገዙ ጠጡ።

በአራተኛው ዓመት ለወርቂቱ የቅቤ ነጋዴዎቹ ዕቁብ ደረሳት። ቤቷን ቆርቆሮ ልታለብስበት ያሰበችውን ገንዘብ አንስታ ለሎሚ ሰጠቻት።

«አዴ ወርቂቱ፣ ጣራሽስ? ዝናቡስ?» አለች ሎሚ።

«ዝናቡ ለምዶኛል። ቡናሽን ስትሸጪ ትመልሺልኛለሽ።»

ይህን የሰማ ጨመዳ ተሰወረ። እንደ ውላቸው ለቀማው ሳይጀመር ገንዘቡ በምስክር ፊት እጁ ካልገባ የዓመቱ ቡና የእሱ ነው። ሎሚ ቤቱ ስትሄድ ቢላ ከተማ ሄዷል አሏት፤ ስትመለስ ታሟል አሏት። ለቃሚዎቹ ደግሞ ሰኞ ሊገቡ ነው። ተበዳሪ ሲሸሽ እንጂ አበዳሪ ሲሸሽ ወርቂቱ አይታ አታውቅም። የእህቱ ልጅ ሰርግ ላይ ግን መቅረት አይችልም።

ሰርገኛው ሲደርስ ሴቶቹ እንደ ወጉ በር ይዘው ዘፈኑ። ጨመዳ ከሽማግሌዎቹ ፊት ሆኖ፣ በሩ እንዲከፈት ሳንቲም ሊሰጥ ፈገግ ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። ወርቂቱ ከኋላዋ የቆመችውን ሎሚን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት።

«ኦቦ ጨመዳ፣ ዛሬ አንቀበልም። እንሰጣለን።»

ሎሚ በጨርቅ የተቋጠረውን ብር ዘረጋች። የጨመዳ ፈገግታ ጠፋ።

«በሰርግ ቀን የዕዳ ነገር ይነሳል እንዴ? ነገ ቤቴ አምጡት።»

«ነገ እንዳይታመሙብን ብለን ነው» አለች ወርቂቱ።

«ለመሆኑ የቢላ አየር ተስማማዎት?» አለች ከጎኗ የቆመችው የዕቁብ ጓደኛዋ ጎጃሜዋ ብርቄ።

ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ሙሽራው ነጭ ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቆ ይንቀጠቀጣል።

«ኤሱማ» አለ አጎቱን፣ «ይቀበሏቸውና እንግባ። ልታገባኝ የተዘጋጀችው ልጅ በብርድ የሞተ ሙሽራ ምን ያደርግላታል?»

ጨመዳ ተቀበለ። ከእነዚያ ሽማግሌዎች የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? በሩ ላይ እልልታው ሲቀልጥ፣ ከውስጥ ያሉት ሙሽራው የገባ መስሏቸው እልል እያሉ ወጡ።

ሰኞ ጉሉማና ሎሚ የገዛ ቡናቸውን ሲለቅሙ ሰፈሩ ሁሉ ወጣላቸው። የጨመዳ ለቃሚዎችም ነገሩን ሳይሰሙ መጥተው ነበር፤ ጉሉማ ቅርጫት ሰጥቶ አሰማራቸው። ቡናው ሲሸጥ ሎሚ የወርቂቱን ገንዘብ መለሰች።

ከዚያ ወዲህ የቅቤ ነጋዴዎቹ ዕቁብ በየዓመቱ የመጀመሪያውን ዕጣ መሬቱ በወለድ አገድ ለተያዘበት ቤት ይሰጥ ጀመር። ሁሉን መሬት ከአገድ ማውጣት አልተቻለም፤ አራጣም ከነቀምቴ አልጠፋም። የወጣው ግን ወጣ።

ወርቂቱ አሁን ጨለለቂ ሰፈር ከልጇ ከድርቤ ጋር ትኖራለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ገበያ መውጣት ትታለች።