የኬላ ጨዋታ

ከክፍል ነው የወሰዱኝ። ሁለት የታጠቁ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው በስሜ ጠሩኝ። ልጆቹ አንደኛ ክፍል ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ ተነሥተው "እንደምን አደሩ" እንዲሉ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ተነሡና እንደምን አደሩ አሏቸው። አንደኛው ሰውዬ "ደኅና" ብሎ ጠመንጃውን ከትከሻው ወደ ጀርባው አዞረ። ጠመኔውን በእጄ እንደያዝኩ መኪናው ላይ ወጣሁ።

ያስገቡኝ ከላሊበላ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ያለ የእህል መጋዘን ነበር። እህሉ ወጥቷል፤ የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ ግን ቀርቶ ዓይን ያቃጥላል። ቆርቆሮው ቀን ይግላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ በየቀዳዳው ይገባል። ከእኔ በፊት ሁለት ሴቶች ነበሩበት። አንዷ ከመንገድ ዳር ከተማ የመጣች በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ወንድሟን ፈልገው ሲያጡት እሷን ይዘዋት መጡ። ሌላዋ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ወገን የመጡ መነኩሲት ናቸው። ደጃቸውን ላንኳኳ ሁሉ ቆሎና ውሃ ይሰጣሉ፤ ማንነቱን አይጠይቁም። ጥፋታቸው አለመጠየቃቸው ነበር።

የእኔ ጥፋት ጨዋታ ነው። ተኩሱ ጋብ ብሎ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጆቹ በእረፍት ሰዓት አዲስ ጨዋታ ጀመሩ። በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ገመድ ይወጥራሉ። አንዱ ኬላ ጠባቂ ይሆናል፤ ሌሎቹ ተሰልፈው ቅጠል እንደ መታወቂያ ያሳያሉ። መጀመሪያ ሳይ ደነገጥኩ፤ ላስቆማቸውም ተራመድኩ። ያኔ ገመዱን የያዘችውን ልጅ አየኋት። አባቷ ኬላ ላይ ተይዞ ከቀረ ወራት አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። የእያንዳንዱን ቅጠል ገልብጣ ታያለች፤ ከዚያ ገመዱን ዝቅ ታደርግና "እለፍ" ትላለች። "አንችም እለፊ።" አንድም ልጅ አላስቀረችም። በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን አውጥታ ፊደል ቆጠረች። ስለዚህ ተውኳቸው። የሆነ ሰው ደግሞ "መምህሯ ሕፃናት ታሠለጥናለች" ብሎ አመለከተ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስቀድሞ የተዘጋጀ ወረቀት ሰጠኝ። ጨዋታውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ ይላል፤ ከሥሩ የጀመረው ልጅ ስም ከነአባቱ የሚጻፍበት ክፍት ቦታ አለው። እስከ ከሰዓት አስቢበት ብሎ መለሰኝ።

መቀመጥ አቃተኝ። ከበሩ እስከ ግድግዳው ዘጠኝ እርምጃ ነው። ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። አንዱን ሐሳብ ሳልጨርሰው ሌላው ይገባል። ብፈርምስ? ገመዱን የያዘችውን ልጅ ስም ብቻ ባልጽፍስ? እናቷንም ቢያመጧትስ? ነጋዴዋ ከወለሉ አምስት ጠጠር ለቅማ ቅልብልቦሽ ትጫወታለች። አንዱን ወደ ላይ ትወረውራለች፤ እሱ እስኪወርድ መሬት ያሉትን ትሰበስብና የወረደውን ትቀልባለች። የጠጠሩ ኳኳታ አናደደኝ።

"መምህርት፣ ወላሂ ራሴን አዞርሽው" አለችኝ። "ነይ ቁጭ በይና ተጫወች።"

እዚህ ምን ጨዋታ አለ ብዬ ተቆጣኋት። እሷ አልተቆጣችም።

"ልጆቹን ተጫወቱ ብለሽ አይደል የታሰርሽው? አንች የማትደፍሪውን ነው እንዴ የምታስተምሪው?"

ከጎኗ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጠጠር አምልጦኝ ከጉልበቴ ሥር ገባ። ሁለተኛውም አመለጠኝ። እማሆይ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ በጎን ዓይናቸው ያዩኛል። ደግሜ ስስት፣ "ቸኮልሽ እኮ ልጄ። ሽቅቡን እይ፤ የታቹን እጅሽ ራሱ ያገኘዋል" አሉ።

ሁለታችንም ዞረን አየናቸው። መቁጠሪያውን አንገታቸው ላይ አጠለቁና እጃቸውን ዘረጉ። በተሰነጣጠቁት ጣቶቻቸው አራቱን ጠጠር ባንዴ ጠርገው አምስተኛውን ከአየር ላይ ቀለቡት። ሳይመነኩሱ፣ በዓለም ሳሉ የሚስተካከላቸው እንዳልነበረ ነገሩን፤ ከዚያ ይቅር በለኝ ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሳቃችንን ሰምታ ጠባቂዋ ገባች። ገና ልጅ እግር ናት። ጠጠሮቹን በእግሯ ትበትናቸዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ቆም ብላ አየችንና፣ "እኛ አገር ሦስተኛው ዙር በግራ እጅ ነው" ብላ ወጣች። በሩንም እንደ ወትሮው አላጋጨችውም።

ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደተጫወትን አላውቅም። ፍርሃቱ አልሄደም። ነገር ግን ጠጠር አየር ላይ እያለ ሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም፤ ከዚያች ቅጽበት በተመለስኩ ቁጥር ሐሳቤ ትንሽ እየጠራ መጣ። ጨዋታ ለልጅ ትምህርቱም ጤናውም ነው እያልኩ ለወላጆች ስናገር ዓመታት ኖሬያለሁ። በራሴ ላይ ሲሠራ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ከሰዓት ተጠራሁ። የጀመረው ልጅ ማን ነው አለኝ መርማሪው።

"ተራ በተራ ነው የሚጫወቱት" አልኩት።

ታዲያ ማን አስተማራቸው አለ። እስክሪብቶ ጠየቅኩት። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው፣ ሰሌዳ ላይ ለልጆቼ እንደምጽፈው፣ ፊደሉን አጉልቼ ጻፍኩ። "ማንም አላስተማራቸውም። ያዩትን ተጫወቱ። እኔም አላስቆምኳቸውም።" የራሴን ስም ብቻ ጽፌ ፈረምኩ።

አነበበው። ቀና ብሎ ሳያየኝ "ይህ ያቆይሻል" አለ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

ሰባት ሳምንት አቆየኝ፤ ከዚያ ያለ ክስ ተለቀቅኩ። ነጋዴዋ ከእኔ በፊት፣ እማሆይ ከእኔ በኋላ ወጡ። የልጅቱን ቤት ያንኳኳ ሰው የለም።

እስከ ዛሬ ረጅም ሰዓት መቀመጥ አልችልም። ስብሰባ የምከታተለው ከኋላ ቆሜ ነው። በቅርቡ በወላጆች ስብሰባ አንድ አባት ተነሥቶ ልጁ ጨዋታ እንዳበዛች፣ ትምህርት ቤቱ ሊቆጣት እንደሚገባ ተናገረ። ድሮ ቢሆን ከሥልጠና የያዝኩትን ሁሉ እደረድርለት ነበር። አሁን እሱ ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ አስቦ አስቦ ተቀመጠ።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ በመስኮት አየሁት። ልጁን ወደ ቤት ሊወስዳት ሜዳው ዳር ቆሟል። እሷ ከጓደኞቿ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ትዘላለች። ይጠራታል ስል አልጠራትም። ጋቢውን ሰብስቦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጨዋታዋን እስክትጨርስ ጠበቃት።